በርሜል ስቀይር የከሰርኩት ቢራ

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ይከብዳል ይሉኛል ሰዎች። ለእኔ መጥመቁ አልከበደኝም። ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው፤ እናቴ አሻሮ ስትቆላ፣ ብቅል ስታስፈጭ፣ ጌሾ ስትወቅጥ እያየሁ። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። አንዱ በርሜል አልቆ ሌላው እስኪተካ ያለችው አንድ ሰዓት። እስከ ዛሬ ያበላሸሁትን ሁሉ ብቆጥር፣ ከሞላ ጎደል የተበላሸው በዚያች ሰዓት ነው። የድራፍት ፍሪጅ ቤታችሁ ልታቆሙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከእኔ ኪሳራ ተማሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የተጀመረው ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ነው። ሌላው ሰው ጫማና ስልክ ይዞ ይመጣል። የእኔ ወንድም ሁለት የብረት በርሜል ይዞ መጣ። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ 19 ሊትር የሚይዙ። ድሮ የለስላሳ መጠጥ ይሞላባቸው ነበር አለኝ። አሮጌ ፍሪጃችንን በሩን በስቶ ቧንቧ ገጠመለት። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሬጉሌተር ተመጥኖ በርሜሉ ውስጥ ይገባል፣ ቢራውን ከላይ ይጫነዋል። ቢራው በርሜሉ ሥር ድረስ በሚወርድ ረጅም ቧንቧ ሽቅብ ይወጣና በቱቦ በኩል ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። አሳየኝ፣ ሁለት ቀን አብረን ቀዳን፣ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በስልክ ነው።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ግፊቱ ነው። "12 ላይ አድርገሽ ተዪው" ብሎኛል። 12 ፒ.ኤስ.አይ ማለቱ ነው፤ የጋዙ ግፊት የሚለካበት ነው። ፍሪጁ 3 እና 4 ዲግሪ መካከል ነው፣ ሁሉም እሱ እንዳለው ነው፣ ቢራው ግን የሞተ ነው። ምላስ ላይ አይቆነጥጥም። ብቅሉን ጠረጠርኩ፣ እርሾውን ጠረጠርኩ። ለካ የረሳነው ደሴን ነው። ወንድሜ የሚኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የእኛ ባሕር ዳር ሳይሆን የእውነቱ ባሕር ዳርቻ። እኔ ያለሁት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው ማለት ነው፣ የሚያሳየው በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። የእኛ አየር ስስ ስለሆነ፣ የእኔ 12 ከእሱ 12 ያነሰ ጋዝ ነው ቢራው ውስጥ የሚያሰርገው። በየ600 ሜትሩ 1 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይጨመራል። 16 ላይ ሳደርገው ቢራዬ ነፍስ ዘራ። ኮምቦልቻ ያላችሁ 15 ይበቃችኋል። ግፊቱን ስጨምር ደግሞ ቢራው እየተወረወረ መውጣት ጀመረ፤ ቀጭኑን ቱቦ ከ3 ሜትር ወደ 4 ሜትር ሳስረዝመው ረጋ። ቱቦ ሲረዝም ቢራው መንገድ ላይ ይደክማል ብላችሁ ያዙት።

የመጀመሪያው በርሜል ያለቀው የጥምቀት ማግስት፣ እንግዳ ቤት ሙሉ ተቀምጦ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ በባዶ ቤት አልቆብኝ አያውቅም። ባለቤቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከኋላዬ ቆሟል። "ጋዙን ዘግተሽዋል?" አለኝ። "አዎ" አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ ሲሊንደሩን ዘግቼዋለሁ። በርሜሉ ውስጥ ታፍኖ የቀረው ጋዝ ግን ትዝ አላለኝም። የክዳኑን እጀታ አነሳሁ። ክዳኑ እምቢ አለ። ክዳኑ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ነው፤ በእጄ ሲያቅተኝ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ዷ! አለ። ሥሩ የቀረው አተላ ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ። የተመለሰው ጋቢው ላይ ነው። ሳሎን ያሉት ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ተነሱ።

ክዳን እምቢ ሲላችሁ ምክንያት አለው። ከላዩ ትንሽ የማስተንፈሻ ቀለበት አለችለት። ሲሊንደሩን ከዘጋችሁ በኋላ ቀለበቷን ሳቡና ፊሽታው ፀጥ እስኪል ጠብቁ። ክዳኑ ያኔ በጣት ይገባል። መፍቻ ይዞ የበርሜሉን አፍ ለመፍታት መታገል ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ግፊት ያለበት ብረት እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

ጣሪያውን ትተን ሁለተኛውን በርሜል ከጓዳ አመጣነው። ጥር ነው፣ የደሴ ብርድ ይታወቃል፣ "ጓዳው ራሱ ፍሪጅ ነው" ብዬ ነበር። ፍሪጅ አይደለም። እጅ ላይ የሚቀዘቅዝ ቢራና 3 ዲግሪ የሆነ ቢራ ለየቅል ናቸው። በዚያ ላይ 23 ኪሎ የሚሆነውን በርሜል ሁለት ሰዎች እያንገጫገጩ ነው ያመጡት። ገጥሜ ስከፍተው ሙሉ አረፋ። ብርጭቆ በብርጭቆ አረፋ። አጎቴ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፣ "ይቺ ማኪያቶ ናት እንዴ?" አለ። አረፋው ሲተኛ ደግሞ ከሥር የተነሳው የእርሾ ዝቃጭ እንደ ጉሽ አደፍርሶታል። በማግስቱ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ያው ቢራ ጠርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ ማር ወለላ ሆኖ ተቀዳ። ተረኛው በርሜል ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ፍሪጅ ይግባ። ቦታ ከሌላችሁ እንግዳ የምትጠሩበትን ቀን ቀይሩ።

ሦስተኛው ጥፋቴ ገንዘብ ያስወጣ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነበር የቀየርኩት። ሁለቱ መጋጠሚያዎች፣ የጋዙና የቢራው፣ በጨለማ አንድ ዓይነት ናቸው። የጋዙን በቢራው አፍ ላይ ታግዬ አስገባሁት። ትንሽ ስለሚለያዩ በግድ ሲገቡ ይነክሳሉ። አውጥቼ በትክክል ብገጥመውም ጎሚኒው፣ መጋጠሚያውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ተጎድቶ ኖሯል። ጋዙን እንደከፈትኩት ተኛሁ። ጠዋት ሲሊንደሩ ባዶ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲያፏጭ አድሯል።

እኔ ጋዝ የማስሞላው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሊንደሩ ሄዶ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ጦሜን አደርኩ። ግን ያን ቀን ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ ወንድሜ በስልክ ያለኝ ነው። "ሌሊት በዚያ ክፍል ሰው ተኝቶ ነበር?" አለኝ። የእኔ ሲሊንደር 2.3 ኪሎ ነው የሚይዘው፤ ያ ሲለቀቅ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ ይሆናል። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ሽታ የለውም፣ ያፍናል። ፍሪጄ የቆመው መስኮት በሌለው ክፍል ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ኮሪደር አወጣሁት። ልጆች በሚተኙበት፣ አየር በማይገባበት ክፍል አታቁሙት። ይህን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አትርሱብኝ።

ከዚያ ወዲህ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ። ጋዝ ነጭ፣ ቢራ ቀይ፤ በርሜሉም ላይ፣ መጋጠሚያውም ላይ። አዲስ በርሜል በገጠምኩ ቁጥር የሳሙና ውሃ በስፖንጅ እቀባለሁ፤ አረፋ ከነፋ ይሾልካል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ስንት እንደቀረው ለማወቅ ደግሞ ጌጅ አትመኑ። ውስጥ ያለው ፈሳሽ እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ቁጥር ነው የሚያሳያችሁ፤ መውረድ ሲጀምር አልቋል። ሚዛን ላይ አውጡት። ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል፣ ቀንሱት። እኔ ከሰፈራችን ሱቅ የሽንኩርት ሚዛን ነው የምጠቀመው። ባለሱቁ ለምዶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመጋቢት አካባቢ ቢራዬ መቅመስ የማይቻል ሆነ። በርሜሉ ሲገባ ጥሩ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ይኮመጥጣል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ቅቤ የሚሸት ነገር ያመጣል። "ቱቦው ነው" አለኝ ወንድሜ፣ "በርሜል ስትቀይሪ ታጥቢዋለሽ አይደል?" አላጥብም ነበር። ያው ቢራ ወጥቶ ያው ቢራ ነው የሚገባው፣ ምን ይታጠባል ብዬ። ነገሩን ሲነግረኝ ደነገጥኩና እጄ ላይ ያለውን አነሳሁ። በረኪና። በርሜሉን በበረኪና፣ ቱቦውን በበረኪና፣ ሌሊቱን ዘፍዝፌ አሳደርኩት።

ይህን አታድርጉ። በረኪና የማይዝገውን ብረት ይበላል፤ በርሜሌ ውስጥ ዛሬም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉ፣ በጣት ይዳሰሳሉ። ቱቦው ላይ የቀረው ክሎሪን ከቢራው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሆስፒታል ኮሪደር የሚሸት መጠጥ ይወጣዋል። 19 ሊትር ቢራ አፈሰስኩ። የጌሾውን ልፋት የሚያውቅ ሰው ማፍሰስ ምን እንደሆነ ያውቃል።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ብርጭቆውን ተቀበለችኝ፣ አሸተተችው፣ አልጠጣችውም። ከዚያ ተነስታ ባዶውን በርሜል አፍንጫዋ ድረስ አነሳችው።

"ልጄ፣ ጥንስስሽ ደህና ነው። ዕቃሽ ነው የቆሸሸ።"

"ብረት እኮ ነው፣ እማ። እንደ ጋን አይመጥም።"

"ጎማውስ?"

ዝም አልኩ።

እናቴ ጋን ስትለውጥ አስታውሳለሁ። የጨረሰችውን ጋን በእጇ ገብታ በግራዋ ቅጠል ትፈትገዋለች፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ታለቀልቀዋለች፣ ፀሐይ ላይ ትደፋዋለች። ከዚያ በወይራ ታጥነዋለች። ጭሱ በጋኑ አፍ ሞልቶ ሲፈስ አሁንም ይታየኛል። አሮጌ ጠላ ላይ አዲስ ጨምራ አታውቅም። ያ ሁሉ ሥራ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈረንጅ በቢራ ዕቃ ማጠቢያ ዱቄትና በአዮዲን የሚሠራው ያንኑ ነው፤ መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ ጀርም መግደል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቆሸሸ ነገር ቢታጠን ጭስ የጠጣ ቆሻሻ ነው የሚሆነው።

አላፍርም፣ እነግራችኋለሁ፤ በርሜሉን በወይራ ለማጠንም ሞክሬያለሁ። ብረቱ ምንም አልሆነ። ጎሚኒዎቹ ግን ጭሱን ጠጥተው ለወር ያህል ቢራዬ ሁሉ ወይራ ወይራ አለ። አምስቱንም ቀየርኳቸው። ወይራውን ለጋን ተዉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብል ደስ ባለኝ። አንድ ይቀራል፣ እሱም ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ነው።

ጎረቤታችን ሐጂ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ወሎ ውስጥ የጎረቤት ድግስ የራስ ድግስ ነው። "ቅሪቦውን ለእኔ ይተዉልኝ" አልኳቸው። "አላህ ይስጥሽ" አሉኝ። እንዲህ አሰብኩ። ሰው ቅሪቦ ሲሠራ የተቆላ ገብስ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ስኳርና ትንሽ እርሾ ጨምሮ ያሳድራል፤ እንዲነቃ። እኔ ግን ጋዝ አለኝ። እርሾ ጭራሽ ሳላስገባ ቀዝቅዞ ጋዙ ራሱ ያነቃዋል፤ አልኮል የሚባል ነገር አይኖረውም። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ሠራሁት፣ በአንዱ በርሜል ሞላሁት፣ ጋዙን ሰጠሁት። የኒካሁ ዋዜማ የቢራውን ቱቦ ነቅዬ ቅሪቦው ላይ ልሰካ ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ይሄ ጎማ ትናንት ምን ነበረበት?"

"ታጥቧል፣ እማ።"

"ምን ነበረበት ነው ያልኩሽ።"

በርሜሉም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ቢራ ነበረበት። ታጥቧል፣ ግን ጎሚኒው ያው ጎሚኒ፣ ቱቦው ያው ቱቦ ነው። ለሰዎቹ ሳልነግር ላጠጣቸው ነበር። ነጠላዬን አንስቼ ሐጂ ዘንድ ሄድኩና እንዳለ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። "አብሽሪ፣ ለስላሳ ተጭኖ መጥቷል። አንቺ ብቻ ነገ በጊዜ ነይ" አሉኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

አሁን ቅሪቦ የራሱ በርሜል፣ የራሱ ቱቦ፣ የራሱ ቧንቧ አለው። ክዳኑ ላይ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም። ቢራ ገብቶበት አያውቅም፣ አይገባበትምም። የሃይማኖቱን ጉዳይ ትተን እንኳ ፕላስቲክ ቱቦ ሽታ ይይዛል፤ የያዘውን ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ቱቦው ላይ የቀረች እርሾም ስኳር ካገኘች ሥራዋን ትጀምራለች፤ እርሾ የለውም ያልነው ቅሪቦ ይቦካል ማለት ነው። ሁለቱን በርሜሎች ከአንድ ሲሊንደር የምታካፍሉ ከሆነ በየጋዝ መስመሩ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ። ከልክ በላይ የሞላ ወይም ግፊቱ የበለጠ በርሜል ቢራውን በጋዙ መስመር ሽቅብ መልሶ ወደ ሌላው ሊልክ ይችላል። በእኔ አልደረሰም። ጋዝ ቱቦው ላይ ግን የቢራ ጠብታ አይቼ አውቃለሁ፣ ለእኔ ያ በቂዬ ነው።

እንግዲህ አሁን የምቀይረው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት ሳለ፣ እንግዳ ሳይመጣ። ተረኛው በርሜል ከሐሙስ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሲሊንደሩን እዘጋለሁ። ካለቀው በርሜል መጀመሪያ የጋዙን፣ ቀጥሎ የቢራውን መጋጠሚያ እነቅላለሁ። ቀለበቷን ስቤ አስተነፍሰዋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ አተላውን ወዲያው አለቀልቃለሁ፤ ከደረቀ በኋላ መፈተግ ሌላ ሥራ ነው። ከዚያ በዚያው በርሜል ለብ ባለ ውሃ የማጠቢያውን ዱቄት በጥብጬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ በጋዙ እየገፋሁ በቱቦውና በቧንቧው አሳልፈዋለሁ። እስከ ቧንቧው አፍ ሲሞላ አቆምና 20 ደቂቃ እተወዋለሁ። ቡና የማፈላው በዚህ ሰዓት ነው። ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱ ቆዳ ያቃጥላል። ቀጥሎ ንጹህ ውሃ፣ እጄ ላይ መሙለጭለጩ እስኪጠፋ። በመጨረሻ ቀጭን የአዮዲን ውሃ። የቧንቧውን አፍ ደግሞ በትንሽ ብሩሽ፤ ዝንብ መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ላይ ነው።

አዲሱን በርሜል ስገጥም ጋዙን አስቀድማለሁ። የሳሙና ውሃ፣ ሁሉም መጋጠሚያ ላይ። ከዚያ ቢራውን። የመጀመሪያዋ ግማሽ ብርጭቆ ትደፋለች፣ የአዮዲን ውሃና የእርሾ ዝቃጭ ናት። አንዱ በርሜል ሳያልቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ቱቦውን መሀል ላይም አጥበዋለሁ።

እናቴ ባለፈው ወር መጥታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው የደረሰችው፣ እኔ በርሜል ላይ ጎንበስ ብዬ። ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አጥቤ የደፋሁትን በርሜል አነሳችና አፍንጫዋን እስከ አፉ አስገብታ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና "ሙዪው" አለችኝ።